ሁለተኛው ብልቃጥ

እዚህ ኬፕታውን ላይ፣ ከባሕር ተነስቶ የሚመጣውን ነፋስ
"ሐኪሙ" ይሉታል፤
ጭሱን ጠራርጎ፣ ሰማዩን አጥቦ ያስረክባቸዋል።
ካየሊቻ ግን፣ ከቆርቆሮው ሰፈር፣ ስሙን የሚጠሩት
ቀና ብለው ነው፣ ጣራውን እያዩ፤
ሐኪሙ ሲመጣ ጣራና ግድግዳ ስለሚለያዩ።

እኔ ፋልዲላ ነኝ። መቁጠር ነው ሥራዬ፤
ከአጉሊ መነጽር ተደፍቶ ማደር ነው የሌሊት ዕጣዬ።
የሰው ፊት፣ የሰው ድምፅ እኔ ዘንድ አይደርስም፤
ከወገብ በመርፌ የተቀዳ ውሃ፣ ያውም ጥቂት ጠብታ፣
ስም ተለጥፎበት፣ በብልቃጥ ይመጣል፣ ማታ፣ በዝምታ።

"ምዚማሲ ምቤኬኒ። ሠላሳ አራት ዓመት።
ጣራ ጠጋኝ።" ይላል።
(ሥራውን ማን ጻፈው? ማንም አይጠይቅም እንዲህ ያለ ቅጽ ላይ፤
እህቱ ትሆናለች፣ "ጻፉልኝ" ያለችው፣ ሰው መሆኑ እንዲታይ።)

በሽታውን የሳንባ አሉት፣ ሳንባ ብቻ መስሎ፤
እርሱ ግን በደም ሥር ሽቅብ ተንጠላጥሎ፣
ከአንጎል ሽፋን ሥር ጎጆውን ቀልሶ
ማጅራት ገተረ።
ማጅራት መቺ ነው፤ ከኋላ የመጣ፣ ጨለማን ለብሶ፣
ዘበኛ ከሌለው ደጅ አነፍንፎ ደርሶ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ
ጥርት ያለ ነበር፣ ምንጭ የመሰለ፤
ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፣ ከአራት ነጭ ሕዋስ የሚበልጥ የለ።
ያላወቀ ቢያየው "እሰይ፣ ጤነኛ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር።
ግን ዝምታም አለ፣ ሰላም ያልሆነ፣
ቤት እየተዘረፈ ጩኸት የታፈነ፤
ኤችአይቪ ዘቦቹን አንድ ባንድ አሰናብቶ፣
በሩ ወለል ብሎ፣ የሚጮህ ውሻ እንኳ ከግቢው ጠፍቶ።

ለነቀርሳው ወዲያው መድኃኒት ጀመሩ፤
ለቫይረሱ ግን "ቆይ" አሉ፣ ቀን ቆጠሩ።
እህቱ ኖምቡሌሎ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣
"ለምን ታዘገዩታላችሁ?" አለች አሉ፣ እየደማች በእንባ ፈንታ በዝምታ።
ዶክተሩ ምን ይበል? "ዘቡን በችኮላ ብንጠራው ከስደት፣
ሌባ ሊይዝ ገብቶ ያቃጥላል ቤት።"

ጠበቁ። በስድስተኛው ሳምንት ኪኒኑን ዋጠ።
ቫይረሱ ደከመ፤ ዘቡም ተመለሰ።
በአሥራ አንደኛው ቀን አንገቱ ደረቀ፤
አንድ ዓይኑ ከሌላው መንገዱን ለቀቀ።

ሁለተኛው ብልቃጥ ደፍርሶ መጣ።
ስምንት መቶ ሕዋስ! የምቆጥርበት ጣቴ ዛለ፤
ኒውትሮፊል በኒውትሮፊል ላይ፣ ተጋፍቶ፣ ፈንድቶ የተበተነም አለ።
ባክቴሪያውን ፈለግሁ፤ ማቅለሚያውን ቀባሁ፣
መስክ በመስክ አሰስኩ፣ አንድም እንኳ አጣሁ።
ሞቶ ነበረ'ኮ!
ሬሳው ነው የቀረ፣ ቅጥሩን ተደግፎ፤
ዘቡ ግን ዘግይቶ፣ ቁጣውን ሰንቆ፣ ጦሩን አሰልፎ፣
ለሞተ ጠላት ነው የሚያቅራራው፤
የሚወጋው ግን ግድግዳው ነው፣ ሰው ነው።

ዴክሳሜታዞን ሰጡት። "ቀስ በል" የሚል ቃል፣ በመርፌ የተላከ።
አንዱ ዘብ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም፤
ለምን እንደሆነ የእኔ ቁጥር አይነግርም።

ይህን ነገር ሐኪሞች "ምላሽ" ይሉታል፣ የሰውነት ምላሽ።
እኔም ምላሽ ጠበቅሁ፣ ሦስተኛ ብልቃጥ።
አልመጣም።
ሰው ሲድን አይመጣም። ሰው ሲሞት አይመጣም።
ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ አይለዩም።

ትናንት ሌሊት ሐኪሙ ነፈሰ እስኪነጋ።
ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ፣ ቆርቆሮ በየመንገዱ ተዘርግቶ፣
አንድ ሰው ከጣራ ላይ፣ ምስማር በከንፈሩ ነክሶ ይመታል፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።
ለፀሐዩ ይሁን፣ ለሌላ ነገር፣ እንጃ።
ፊቱን አላውቀውማ።

ታክሲው መጣ፣ ገባሁ።
የመዶሻው ድምፅ እስኪርቀኝ ድረስ
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩለት።